ተፈትሿል

በ2074 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ የቤቱን በር በቁልፍ የሚከፍት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በር የሚከፍተው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤቱን ሰው በድምፁ ይለያል፤ የውሃ ተራ ሲደርስ ቧንቧውን ይለቃል፤ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ሰዓቱን ጠብቆ በስሙ ይጠራዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰዎቹ እንዴት እንዳደሩ ለጤና ጣቢያ ይናገራል። ሽማግሌ ሲላክ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጁ ሙያ ሳይሆን የቤተሰቡ ሳጥን ተነቅሎ ያውቅ እንደሆነ ነበር።

በየሁለት ዓመቱ ግንቦት ላይ አዲስ ሲስተም ይወጣና ባለሙያ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ ይጭናል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም መሀል ላይ ከተቋረጠ ባለሙያው ቅጹ ላይ ምክንያት ይመርጣል። ቅጹ የሚያውቀው ሦስት ምክንያት ብቻ ነው፤ የመብራት መቆራረጥ፣ እርጅና፣ የቤተሰብ ጥፋት። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌላ ሳጥን ይተካል፤ ግን የስድስት ሰዓት የፍተሻ ውጤት ማያያዝ ያስፈልጋል። ለሦስተኛው የባለሙያው ቃል ይበቃል። ሳጥኑ ተነቅሎ ይወሰዳል፤ ቤቱም ሳጥን ከሚሰጣቸው ቤቶች ዝርዝር ለሁለት ዓመት ይወጣል።

አንሻ ሁሴን በሳጥን ጣቢያው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ባለሙያ ነበረች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። በሰፈሩ ስሟ የተከበረ ነበር። ሳጥን ሳትከፍት በድምፁ ብቻ ሕመሙን ታውቃለች ይባልላታል፤ ወሬው ደስ ስለሚላት አስተባብላው አታውቅም። በቀን አሥራ አንድ ቤት ማዳረስ ይጠበቅባታል። አዳርሳ ያልጨረሰችበት ቀን የለም።

እትዬ ይታይሽ ቤት የደረሰችው ግንቦት አሥራ አራት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ለቀኑ አራተኛ ቤቷ ነበር። የእትዬ ይታይሽ ባለቤት ጋሽ እርገጤ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ግማሽ ጎናቸውን ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቃል አውጥተው መናገር ባይችሉም ሁሉን ይሰማሉ። አልጋቸውን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጠው ሳጥኑ ነው። ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ሰዓዳ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ተከራይ ትኖራለች፤ ፈትል ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሳጥኑ የማይችለውን፣ ማጠቡንና ማጉረሱን ታግዛለች።

ሲስተም የሚጫንበት ቀን እንደ ክትባት ቀን ነበር፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም የራሱን ቤት እያሰበ ይጨነቃል። ያን ቀንም ስድስት ሰባት ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቆሟል። አንሻ ጫነች። ከመቶ ስልሳ አንድ ሲደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ቀጥ አለ። እንደገና ጫነች፤ ሃያ ዘጠኝ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ሰባ ስምንት ላይ።

«ራሙ ነው» የሚል ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

ራም የሚሉት ሳጥኑ ሲሠራ በእጁ የያዘውን ለጊዜው የሚያስቀምጥበት፣ ጣት የሚያህል ስስ ሰሌዳ ነው። እሱ ከታመመ ሳጥኑ ያስቀመጠውን መልሶ ሲያነሳ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል፤ ግራ ይገባውና ይወድቃል። በዕለት ሥራ ሕመሙ ላይታይ ይችላል፤ ሲስተም ሲጫን ግን ይጋለጣል። አንሻ ለአዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው ይህንኑ ነበር፤ «ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዲስኩን ወይም የምትጭኑትን ቅጂ ጠርጥሩ፤ በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሳትነኩ ራሙን እዩ።» ይሁን እንጂ ራም ማየት ማለት ስድስት ሰዓት ቁጭ ብሎ መፈተሽ ማለት ነው። ገና ሰባት ቤት ይቀራታል።

ክዳኑን ከፈተች። ማራገቢያው ላይ ነጭ ብናኝ ተጠምጥሟል።

«ጥጥ!» አለች ጮክ ብላ። «እዚህ ቤት ጥጥ የሚነካ ማን ነው?»

ሁሉም ዞሮ ሰዓዳን አየ። ሰዓዳ ወደ ሥራ ልትወጣ ጋዋኗን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ወላሂ እኔ ሳጥኑን ነክቼው አላውቅም» አለች።

«መንካት አያስፈልግሽም። ከሥራ ስትመጪ ልብስሽን ሳታራግፊ ነው የምትገቢው።»

«አራግፋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ?»

አንዷ ጎረቤት ሳቀች። አንሻ ሳቁን ስትሰማ ልቧ ቀለል አላት፤ ነገሩ ያለቀ መሰላት። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ በደንብ አይተሽዋል? እባክሽ ደግመሽ እይው» አሏት።

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው።»

ቅጹን አወጣች። «ራም» ከሚለው አጠገብ «ተፈትሿል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። «መንስኤ» ከሚለው ሥር «የቤተሰብ ጥፋት» አለች። ከዚያ ሳጥኑን ከግድግዳው ነቀለችው። አልጋው ጋሽ እርገጤን ወደ ቀኝ በማዞር ላይ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ ተንጋዶ ቆመ። ሽማግሌው ወደ ጫፉ መንሸራተት ጀመሩ። ሰዓዳ ሰውን ገፍታ ሮጣ በደረቷ ደገፈቻቸው። አንሻ ሳጥኑን ታቅፋ ስትወጣ ልጅቷ ገና እንደደገፈች ነበረች።

ከአራት ቀን በኋላ ጎረቤት ቤት ስትጭን፣ እትዬ ይታይሽ ተከራይዋን ሻንጣዋን ከደጅ አውጥተው እንዳሰናበቷት ሰማች። «ደህና አደረጉ» አለች አንሻ። ሰው ሁሉ ሲያምንላት እሷም የተናገረችውን አምናው ነበር።

የተነቀሉ ሳጥኖች ጣቢያ ውስጥ ይፈታሉ። ለሥራ የሚሆነው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያዎቹም ለየቤታቸው ደህና ደህናውን ይመርጣሉ። ክልክል ነው፤ ግን የሚጠይቅ የለም። አንሻ ከእትዬ ይታይሽ ሳጥን ሁለቱን ራሞች ወሰደች። የእሷ ቤት ሳጥን አሮጌ ስለሆነ ይንቀራፈፍ ነበርና፣ አዲሱን ሲስተም ከመጫኗ በፊት ራሙን በሰፊዎቹ ለመለወጥ አሰበች።

እሑድ ጠዋት ለወጠችና ጫነች። አርባ ላይ ወደቀ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለተኛው ሰማንያ ሦስት ላይ ወደቀ። ሦስተኛው አሥራ ሁለት ላይ።

አንሻ ያን ቀን እትዬ ይታይሽ ቤት ካየችው የተለየ ምንም ምልክት አላየችም፤ ያየችው ያንኑ ነው። ልዩነቱ ዛሬ የቀሩት ሰባት ቤቶች የሉም፤ የሚስቅ ጎረቤትም የለም።

ሳጥኑን አጥፍታ ሁለቱንም ራም አወጣች። ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ አሸችና በጨርቅ ጠረገች፤ አንዳንዴ ጥፋቱ ከእድፍ ብቻ ይሆናል። እድፍ በሆነ ብላ ለመነች። አንደኛውን ብቻ መልሳ ከተተችና ጫነች፤ ያለ ምንም ችግር እስከ መቶ ሄደ። እሱን አውጥታ ሁለተኛውን በዚያው ማስገቢያ ከተተች። ሃምሳ አምስት ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የማስገቢያው እንዳይሆን ቦታ ቀየረችለት። እዚያም ወደቀ። ከዚያ ፍተሻውን ከፍታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሥር ጊዜ በላይ ያላደረገችውን አደረገች፤ ስድስት ሰዓት ከፊቱ ተቀመጠች። ገና በሁለተኛው ሰዓት ቀይ መስመር ወጣ። በአራተኛው ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። አስፈላጊ ባይሆንም እስከ መጨረሻው ጠበቀች።

ራሙን አውጥታ ስትገለብጠው ጀርባው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየች። ግንቦት 2072፣ ተፈትሿል፣ «አ.ሁ.» ይላል። የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ይታይሽ ቤት የገጠመችው እሷው ራሷ ነበረች፤ ያኔም ሳትፈትሽ።

ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። ብቻዋን ሆና ሳለ በነጠላዋ ተሸፈነች። ዓይኗ ላይ ይመጣ የነበረው ራሙ አልነበረም፤ ልጅቷ ሽማግሌውን በደረቷ ደግፋ፣ በጋዋኗ፣ ወደ በሩ ወደ እሷ ስታይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ላቀው ዘንድ ገባች። ላቀውና እሷ ባንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት።

«የእትዬ ይታይሽ ቤት ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። «የታመመ ራም የከተትኩት እኔ ነኝ። ስነቅለውም አልፈተሽኩም። ልጅቷ ምንም አላደረገችም።»

ላቀው ቅጹን ከፍቶ ቁልቁል አነበበ። «የባለሙያ ጥፋት የሚል ምክንያት የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በምን ላርመው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንሻ፣ አምና በቤተሰብ ጥፋት ያወጣሽው ስንት ቤት ነው?»

«አርባ ሦስት።»

«ስንቱን ስድስት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ፈተሽ?»

ሊጎዳት ብሎ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። አንሻ መሬት መሬቱን አየች። እዚያ ቢሮ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትገባና ስትወጣ የወለሉን ቀለም አስተውላው አታውቅም ነበር፤ ግራጫ ነው።

«እንግዲህ አንዱን ስንከፍት ሌሎቹም ይመጣሉ» አለ። «ደግሞ የዝርዝሩ ቁጥር የተወሰነ ነው። አንድ ቤት እንዲገባ አንድ ቤት መውጣት አለበት።»

«የኔ ይውጣ።»

«በምን ምክንያት?»

«የቤተሰብ ጥፋት ብለህ ጻፍ» አለች። «እሱስ አለው አይደል ቅጹ?»

ላቀው ትንሽ አያት። ከዚያ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገላት። «ውሃሽን ከየት ልትቀጂ ነው?» ብቻ አላት።

ሳጥኗን ከራሷ ግድግዳ ነቅላ፣ ደህናውን ራም ከትታ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ይታይሽ ቤት ሄደች። በሩ በድንጋይ ተደግፎ ገርበብ ብሏል። ቤቱ የቁስል ሽታ አለው። እትዬ ይታይሽ የባለቤታቸውን ጀርባ በጨው ውሃ እየጠረጉ ነበር፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሽማግሌውን ብቻቸውን ለማገላበጥ አቅም ስላጡ የሽማግሌው ጀርባ ቆስሎ ነበር።

«ምን ቀረሽ ደግሞ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

አንሻ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠች። የሚሆን ንግግር መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋባት። «እትዬ፣ ዋሽቻለሁ» አለች። «ያን ቀን ጥጡ አልነበረም። ራሙ ነው። የታመመው ከዱሮም ነው፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ፈትሻለሁ አልኩ። ሰዓዳ ንጹሕ ናት።»

እትዬ ይታይሽ ጨርቁን ሳፋው ውስጥ ጣሉት።

«ልጅቷ ምን ብላ እንደለመነችኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። «‹እትዬ፣ እኔን ያባርሩኝ፣ ግን ማታና ጠዋት እየመጣሁ ጋሼን ላገላብጥ› አለችኝ። እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? ‹ደጄን እንዳትረግጪ።› ጎረቤት እየሰማ።» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «አንቺስ ቸኩለሽ ነው እንበል። እኔ ሦስት ዓመት ያወቅኋትን ልጅ ለግማሽ ሰዓት ሰው ቃል የሸጥኳት ምን ነክቶኝ ነው?»

ጋሽ እርገጤ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ፍራሹን ሁለት ጊዜ መቱ። ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩዋቸው። ሽማግሌው ወደ ጓሮው በር፣ ወደ ባዶዋ ክፍል እያዩ ነበር። እትዬ ይታይሽ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

አንሻ ሳጥኑን ሰቀለች። ጫነች። ስልሳ አንድን አለፈ፣ ሰባ ስምንትን አለፈ፣ መቶ ሞላ። አልጋው ሲጥ ሲጥ እያለ ጋሽ እርገጤን ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞራቸው። ከሳጥኑ ንጹሕ ድምፅ ወጣ።

«በዚህ ቤት የሚኖሩትን ሰዎች ስም ይናገሩ።»

«እርገጤ ካሣ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «ይታይሽ ሞላ።» ቆም አሉ። «ሰዓዳ እንድሪስ።»

«ሰዓዳ እንድሪስ በአንድ ቀን ውስጥ ቀርበው በድምፃቸው ያረጋግጡ።»

እትዬ ይታይሽ አንሻን ቀና ብለው አዩዋት። «በምን ዓይኔ ነው ሄጄ የማያት?» አሉ። «አንቺ ሂጂ።»

ሳጥን የሌላቸው ሰዎች ከቦርከና ወንዝ ማዶ ካለች አንዲት የጋራ ቧንቧ ነው ውሃ የሚቀዱት። አንሻ በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ ስትወርድ የራሷን ባዶ ጀሪካን ይዛ ነበር፤ ከእንግዲህ የእሷም ቧንቧ ይኸው ነው። ሰልፉ ረጅም ነው። ሰዓዳን ከመሀል አገኘቻት። ጋዋኗን አጥፋ በክንዷ ይዛለች፤ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ አድራሻዋን ለአንሻ የነገረቻት የሰዓዳ የሥራ ጓደኛ፣ ሰዓዳ ከአራት ሰዎች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ እንደምትኖር ነግራት ነበር።

አንሻ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ራሙን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ቅጹን፣ እትዬ ይታይሽ ስሟን ለሳጥኑ እንደጠሩ። ሰዓዳ ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እኔ እንዳላደረግሁ አውቃለሁ» አለች። «ያን ለማወቅ እርስዎ አያስፈልጉኝም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ያን ቀን በሹክሹክታ አልነበረም የተናገሩት» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ‹ጥጧ› እያለ ነው የሚጠራኝ። ለእኔ አይንገሩኝ። ለእነሱ ይንገሩልኝ።»

አንሻ ሰልፉን ቀና ብላ አየች። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ፊቶቹን አላየችም ነበር። አንዱን አወቀችው፤ ቀጥሎ ያለችውንም ሴት አወቀቻት። ከቧንቧው አጠገብ የቆመችውን ነፍሰ ጡርም፣ ጀሪካን ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌም። በየቤታቸው ገብታ የወጣች ናት። የሁሉንም ሳጥን ታቅፋ የወጣችው እሷ ናት።

ተናገረች፤ መጀመሪያ ዝቅ ብላ፣ ሰዎች «አልሰማንም» ሲሏት ደግሞ ጮክ ብላ። «እኔ የሳጥን ባለሙያዋ አንሻ ነኝ። ይህች ልጅ የማንንም ሳጥን አላበላሸችም። የተበላሸውን ዕቃ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ፈትሻለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼባታለሁ።»

«የኔንስ?» አሉ የተቀመጡት ሽማግሌ። «ባለፈው ዓመት ልጄ ቡና ደፋበት ብለሽ ነው የወሰድሽው። ልጄን መታሁት እኮ። የኔንስ ፈትሸሽው ነበር?»

አንሻ ልትዋሽ የምትችልበት ጊዜ ነበራት፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። «አልፈተሽኩም» አለች።

«የኔንስ?» አለች ነፍሰ ጡሯ።

«ያንቺንም።»

ሰልፉ መፍረስ ጀመረ። ሰው ከኋላም ከፊትም ወደ እሷ መጣ፤ የሚጮህ ግን አልነበረም። ሁሉም የቤቱን ቁጥር፣ ወሩን፣ ያን ቀን የተባለውን ነገር አንድም ቃል ሳይስት ያስታውሳል። በየተራ የሚነገራትን ስትሰማ፣ የተናገረቻቸውን ቃላት እሷ አንዱንም አታስታውሳቸውም ነበር።

ሰው በራቀው ቧንቧ ሰዓዳ ጀሪካኗን ሞልታ ክዳኑን አጠበቀች። ወደ አንሻ መጣችና ጎኗ ቆመች።

«እኔ ጋሼን ለማየት ልሂድ» አለች። «ለሳቸው ብዬ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት።»

«አብሬሽ ልምጣ፣ ልሸከምልሽ።»

«አይ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆዩ» አለች ሰዓዳ፤ ጀሪካኑን በጀርባዋ አስተካከለች። «ገና አልጨረሱም።»

ወደ ድልድዩ ወጣች። አንሻ ባዶ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ቀጥሎ ወደቆመው ሰው ዞረች።